የአንበርብር ዘጠነኛ እርከን

ሰኞ፣ ኅዳር 16 ቀን 1978

ነብሮ ዛሬም ገደል ገባ። ከድር ከወለንጪቲ ሆኖ ግማሹን ቀን ሲነጫነጭብኝ ዋለ፤ ገፍቼ የጣልኩት እኔ ይመስል። እኔ ምን ላድርግ? ቁጥሩን የጠየቀው ደንበኛ ነው። ሦስት ብሎ ጠየቀ፣ ሦስት አልኩ፣ ነብሮ ወደቀ። በቃ።

ይህን ደብተር ከእኔ ሌላ የሚያነብ ካለ (እማዬ፣ አንቺ ከሆንሽ መልሰሽ አስቀምጪው) እብድ እንዳልመስለው ነገሩን ልጻፈው። ጨዋታችን «መንገዱ» ይባላል። አራት ስልከኞች ነን። እኔ ናዝሬት ማዞሪያው ላይ ነኝ፣ ከድር ወለንጪቲ፣ ቦንቱ ሁሩታ፣ ጋሽ ታደለ ዓለም ጤና። በድምፅ እንጂ በመልክ አንተዋወቅም። መስመሩ ሲቀዘቅዝ፣ አለቃችንም ዞር ሲል፣ እያንዳንዳችን የፈጠርነውን ሰው ይዘን ጋሽ ታደለ ወደሚተርኩልን አገር እንገባለን። የእኔዋ ድንቄ የምትባል የጨው ነጋዴ ናት። የከድር ሰው አዳኙ ነብሮ ነው። ቦንቱ አንዲት መድኃኒተኛ አለቻት፤ ሰው ከማዳን ይልቅ መጨቃጨቅ የምትወድ። ሁሉም ከመጀመሪያው እርከን ይነሳል። ወንዝ የተሻገረ፣ ሽፍታ ያሸነፈ፣ የታመመ ያዳነ አንድ እርከን ይወጣል። ዘጠነኛውን የወጣ የአገሩ በር ይከፈትለትና ቤቱ ይገባል። እስካሁን የገባ የለም።

ዕጣ የምንጥለው በደንበኛ ነው። ጋሽ ታደለ «ነብሮ ሊዘል ነው፣ ቁጥር» ይላሉ። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የደወለው ሰው የጠየቀው ቁጥር መጨረሻው አምስት ወይም ከአምስት በላይ ከሆነ ተሳካ። ካነሰ ወደቀ። ብዙ ጥሪ ያለው ናዝሬት ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ሰጪዋ እኔ ነኝ። እኔ ያየሁትን ሌላው አያየውም፤ ስለዚህ መዋሸት የሚባል ነገር በመካከላችን የለም። ጋራዥ አገናኚኝ ያለኝ የሽንኩርት ነጋዴ ነብሮን ገደል እንደከተተው እስከ ዕለተ ሞቱ አያውቅም።

ጋሽ ታደለ የራሳቸው ሰው የላቸውም። የሚያንቀሳቅሱት የልጃቸውን የኤልያስን ሰው፣ አንበርብርን ነው። ኤልያስ ለብሔራዊ ውትድርና ከመሄዱ በፊት አባቱ ምሳ ሲበሉ ማዞሪያውን ይይዝላቸው ነበር። መንገዱን የጀመርነውም ከእሱ ጋር ነው። ሲሄድ አንበርብርን ለአባቱ ተወላቸው። እናቱ ከሞቱ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ አሁን ጋሼ ብቻቸውን ናቸው።

ለአንበርብር ግን ዕድል የሚባል ነገር አልተፈጠረለትም። ይወጣል፣ ይወድቃል፣ ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፣ አሁንም አምስተኛው ላይ ነው። ጋሽ ታደለ ዛሬም እየሳቁ «አንበርብር በሩን የገባ ቀን ልጄ ይመጣል፤ እንግዲህ እናንተ እወቁ» አሉ። ሁልጊዜ ይሏታል። ሳቃቸው ግን እየቀጠነች ሄዳለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17



ጠዋት አንዲት ትልቅ ሴት መስኮቱ ጋ መጡ። ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ሸፍነዋል። ዘነበች ነኝ፣ የዓለም ጤናው የታደለ እህት ነኝ አሉኝ። ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ድምፃቸውን አውቀዋለሁ፣ በየሳምንቱ ወንድማቸው ጋ አገናኛቸዋለሁ። ዛሬ ግን ሁሩታ ስጪኝ አሉ። ቀጥለውም በዓለም ጤና በኩል እንዳይሄድ አሉኝ። ሁሩታ በዓለም ጤና በኩል አይሄድም ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ኤልያስ ሞቷል።

አብሮት የነበረ ልጅ ቆስሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ ትናንት እትዬ ዘነበች ጋ ገብቶ ነገራቸው። በእጁ እንደቀበረው ነግሯቸዋል። እዚያው መስኮቱ ላይ ተደግፈው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ለእኔ፣ ለማያውቋት ልጅ ይህን ሁሉ ነገሩኝ። ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል።

ሁሩታ ያለው የሁሉም ታላቅ ወንድማቸው ነው። እሱ ሳይኖር መርዶ አይነገርም። ቦንቱ ስትጠይቅላቸው አውድማ ላይ ነው፣ ገጠር ርቆ ሄዷል፣ ከቅዳሜ በፊት አይደርስም አሉ። ስለዚህ መርዶው ለእሑድ ንጋት ሆነ። እትዬ ዘነበች ሲሄዱ እጄን በመስኮቱ ቀዳዳ ያዙና «መርዶ በስልክ አይነገርም ልጄ። እሱ ደግሞ ጆሮው ስልክ ላይ ነው የሚውለው። እስከ እሑድ ምንም እንዳያልፍ፤ አደራ» አሉኝ።

አደራ አሉኝ። እኔ የቀን ሥራዬ ሰው ለሰው ማገናኘት ነው።

ቦንቱ መስመሩ ላይ ስለነበረች ሁሉንም ሰምታለች። «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ከማለት በቀር አልተናገረችም።

ከሰዓት ጋሽ ታደለ ደወሉ። ድንቄ ጨውዋን ሸጣ ጨረሰች ወይ፣ አንበርብር ወንዙ ዳር ደርሷል አሉ። ጥርሴን አሞኛል አልኳቸው። ቅርንፉድ ያዢበት አሉኝ። ደግመው ደወሉና ያዝሽበት ወይ ብለው ጠየቁኝ። ምነው ባልጠየቁኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ለከድርም ነገርነው። «ስንት ዓመቱ ነበር?» አለ። አናውቅም። ማናችንም ዕድሜውን ጠይቀነው አናውቅም።

ሦስታችን የተስማማነው ይህ ነው፤

ከዘመድ ወደ ዓለም ጤና የሚሄድ ጥሪ ሁሉ «መስመሩ ተበላሽቷል» ይባላል።
ስለ ግንባር፣ ስለ ወታደር፣ ስለ ደብዳቤ ማንም አያነሳ።
ጨዋታው አይቋረጥ። ካቋረጥን ይጠረጥራሉ።
ቦንቱ መስመር ላይ አታልቅስ። (ይህቺን ከድር ነው የጨመራት። ቦንቱ ተቆጣች።)

ሦስተኛዋ ናት የገደለችኝ። ከምሳ በኋላ ጋሽ ታደለ ትረካቸውን ጀመሩ። ወንዙ ሞልቷል፣ ታንኳው ተሰብሯል፣ አንበርብር ልብሱን አውልቆ ጭንቅላቱ ላይ አስሯል። እንዴት አድርገው እንደሚተርኩት! ውኃው እግሬን የነካኝ መሰለኝ። «እንግዲህ ሳራ፣ ቁጥር» አሉ።

የመድኃኒት ቤት ጥሪ መጣ። መጨረሻው አንድ ነው። አንድ ልል አፌን ከፈትኩ። «ስምንት» አልኩ።

አስቤ አልነበረም። ወንዝ ውስጥ ልተወው አልቻልኩም፣ ይኸው ነው። ጋሽ ታደለ ጠረጴዛውን በእጃቸው ሲመቱት ተሰማኝ። ስድስተኛው ላይ ወጣ፤ ኤልያስ ሲሰማ አያምንም፣ እጽፍለታለሁ አሉ።

ከድር ብቻዬን ሲያገኘኝ ስምንት እውነት ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም አልኩት። «ደግ አደረግሽ። እዚህ እንኳን ይውጣ» አለ።

ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ በየቤቱ እየዞርን ነው የምንጸልየው፤ ዛሬ ተራው የእኛ ቤት ነበር። ሳራ ጸሎት ታድርግ ሲሉኝ ጥርሴን አሞኛል አልኩ። እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። ውሸት በቤታችን እንደ ስርቆት ነው የሚታየው። በሁለት ቀን ውስጥ ስንት ዋሸሁ? አልቆጥርም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

አንበርብር ሰባተኛው ላይ ነው። የዛሬው ከከድር ነው። ከሽፍታዎቹ ጋር ሲገናኝ ጋሽ ታደለ ቁጥሩን ወለንጪቲ ይስጥ አሉ። ከድር ወዲያው ዘጠኝ አለ። ወለንጪቲ እኮ በዚያ ሰዓት እንደዚያ የሚያስቸኩል ጥሪ የለም። ትንሽ እንኳን ጠብቆ ቢናገር ምናለበት? ስቆጣው፣ ድምፁ ሊሰበርበት ስለነበር ቶሎ እንደተናገረ ነገረኝ። ከዚያ ቀጣዩን ቁጥር የምሰጠው እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ብለን እንደ ሕፃን ተጣላን። ቦንቱ አሸነፈች።

አንድ ሞኝነት ሠርተናል። ለዘመዶቹ መስመሩ ተበላሽቷል ስንል፣ መስመሩ ጤነኛ መሆኑን የሚያውቁት ራሳቸው ጋሽ ታደለ መሆናቸውን ረሳን። ዛሬ ጠዋት እኔና እሳቸው ነን የፈተሽነው፤ ጥርት ብሎ ይሰማል ብለውኛል። ከዚያ የሚስታቸው ወገን የሆነ አንድ ነጋዴ፣ እኔው ራሴ ትናንት የመለስኩት ሰውዬ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ዓለም ጤና ሄደ። ሽንኩርት ሊገዛ ነው እንጂ እሱ ስለ ሞቱ የሚያውቀው ነገር የለም። ስልክ ቤቱ ጎራ ብሎ፣ ምነው መስመራችሁ ከተበላሸ ሰነበተ አላቸው።

ጋሽ ታደለ ይህን ሲነግሩኝ እየሳቁ ነበር። የናዝሬት ስልከኞች ሰነፋችሁ፣ ሰው ትመልሳላችሁ አሉኝ። ከዚያ እንደ ቀልድ፣ ዘነበችም በዚህ ሳምንት ድምጿ ጠፋ አሉ። ገበያ ይዟት ይሆናል አልኩ። የሁሩታው ወንድሜም አልደወለም አሉ። አውድማ ላይ ይሆናል አልኩ። አውድማ ላይ መሆኑን ማን ነገረሽ አሉኝ።

ወቅቱ ነው ብዬ ነው አልኳቸው። እውነትሽን ነው አሉና መስመሩን ለቀቁ።

ኤልያስን አንድ ቀን እንኳን አላየሁትም። አንድ ጊዜ ምን ትመስያለሽ አለኝ። ረጅም ነኝ፣ ፀጉሬ ወገቤ ይደርሳል አልኩት። አጭር ነኝ፣ ፀጉሬም ጆሮዬን አያልፍም። ድምፁን እወደው ነበር። መቼም ይህ የራሴ ደብተር ነው፤ እወደው ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ቦንቱ ሰባት አለች። አንበርብር ስምንተኛው ላይ ወጣ።

ይጮሃሉ፣ ጠረጴዛ ይመታሉ ብለን ጠበቅን። መስመሩ ላይ ምንም የለም። ቆይተው በቀስታ «ሰባት ነው ያልሽው ቦንቱ?» አሉ። አዎ አለች። «እሺ» አሉና ወጡ።

ከሰዓት እኔን ብቻ ጠሩኝ። ከዚህ በታች ያለውን እንዳለ ለመጻፍ እየሞከርኩ ነው፤ ቃል ይጎድል ይሆናል።

«ሳራ፣ ዓመት ሙሉ አምስተኛው ላይ የኖረ ልጅ በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ ወጣ። እህቴ አትደውልም፣ ወንድሜ አይደውልም። እናንተ ደግሞ ለእኔ ስታወሩ እንደ በሽተኛ ነው የምታናግሩኝ። ይህን ሁሉ ዓመት መስመር ላይ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ እኮ።»

ጋሼ ልል ስል ቀደሙኝ።

«አትንገሪኝ» አሉ። «አዎም አትበዪ፣ አይደለምም አትበዪ። የሚመጡበትንም ቀን አልፈልግም። ሲመጡ እንዳልሰማ ሆኜ እቀበላቸዋለሁ። ዘነበች ተጨንቃ፣ ሰው ሰብስባ ነው የምትመጣው፤ ያ እንዳይበላሽባት።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ዓለም ጤና ላይ የሰካሁትን ገመድ መንቀል አቅቶኝ ሦስት ደንበኛ እስኪጮህብኝ ድረስ ተቀመጥኩ።

ከዚያ የዓርብ የውይይት ክበብ። ስለ ምርት እድገት ተነበበ። አለቃችን ጓድ ሳራ ምን ትያለሽ አለኝ። እስማማለሁ አልኩ።

እኛ ነን የነገርናቸው። አደራ ተብለን፣ ተጠንቅቀን፣ ደግ ልንሠራ ብለን እኛው አረዳናቸው። ለከድርና ለቦንቱ አልነገርኳቸውም። እንዴት ብዬ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ጠዋት መስመር ስንፈትሽ ደወሉ። ድምፃቸው ደህና ነው፤ ደህና መሆኑ ነው ያስፈራኝ። ከተማው እንዴት አደረ ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ አንድ ነገር ልለምንሽ አሉ።

አንበርብር በሩ ላይ ቆሟል። ዘጠነኛው ነው። ትረካ አልጨመሩም፣ ወንዝ የለም፣ ሽፍታ የለም። «የሚመጣውን ቁጥር ስጪኝ። የመጣውን ራሱን። አንድ እውነት ከመስመሩ ልስማ» አሉ።

እሺ ብዬ ጠበቅሁ። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ሌላ ጊዜ ጥሪ ይደራረባል፤ ዛሬ ማዞሪያው ዝም አለ። ጋሽ ታደለ ሲተነፍሱ ይሰማኛል። በልቤ አምላኬን እየለመንኩ ነበር፣ ምን ብዬ እንደምለምን ግን አላውቅም ነበር። ይውጣ ልበል? ይቅር ልበል?

የጥሪዋ መብራት በራች። የሴት ድምፅ ነው። ቁጥሩን ነገረችኝ።

መጨረሻው ሰባት ነው።

ሰባት! በእግዚአብሔር ስም እጽፋለሁ፣ ሰባት ነው። አንበርብር በሩን ገባ። ዓመት ሙሉ እንቢ ያለው ዕድል ዛሬ፣ አሁን፣ ማንም ሳይነካው እሺ አለ። እኔም ልናገረው አልቻልኩም። ትናንት ቦንቱ የዋሸችው ቁጥር ራሱ ነው። ሰባት ብላቸው ሳራም ዋሸችኝ ይላሉ። የለመኑኝ አንድ ነገር ነው፣ እሱም ውሸት ይሆንባቸዋል።

«ሁለት» አልኩ።

በረጅሙ ተነፈሱ። «ሁለት» አሉ። «እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ። አሁን አመንኩሽ።»

ሴትየዋን አገናኘኋት። ከዚያ ፈቃድ ሳልጠይቅ ወጥቼ ጋሪዎቹ ከሚቆሙበት ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ። አንድ ባለጋሪ እህቴ ሰው ሞቶብሽ ነው ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። በዚህ ሳምንት የተናገርኩት እውነት እሱ ብቻ ይመስለኛል።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ሥራ የለኝም። ሳይነጋ ነቃሁ። አሁን በሩን እያንኳኩ ነው፣ አሁን ታላቅ ወንድማቸው ቀድሞ ገብቷል፣ አሁን እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ነው እያልኩ ተጋደምኩ። ጋሼ ደግሞ ከእንቅልፋቸው እንደተነሱ ሆነው ምነው በደህና ነው፣ በጠዋት ምን አመጣችሁ እያሉ ይሆናል። ልጅ ሞቶበት ደግሞ ማስመሰል የሚጠየቅ ሰው አለ?

እማዬ ምን ሆነሻል ስትለኝ ሁሉንም ነገርኳት፣ መንገዱንም፣ ነብሮንም፣ ቁጥሩንም። ትቆጣለች ብዬ ነበር። የልጁን ስም ጠየቀችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ስትጸልይ ሰማኋት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ዓለም ጤና ሄጄ መጣሁ።

ከድርን አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ ተገናኘሁት። በድምፁ ግዙፍ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ልጅ ነው። እሱም እኔን ሲያይ ሌላ ሳራ ፈልጎ ዞር ዞር አለ። ሳቅ መጣብንና ሁለታችንም አፈርን። ቦንቱ ተተኪ ስላጣች ቀረች።

ድንኳኑ ከስልክ ቤቱ አጠገብ ነው የተተከለው። እትዬ ዘነበች ሲያዩኝ ተነስተው አቀፉኝ። አደራዬን ጠበቅሽልኝ፣ ምንም ሳይጠረጥር ነው የሰማው፣ እንደዚያ ደንግጦ አይቼው አላውቅም አሉኝ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ አልኩ።

ጋሽ ታደለ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ትንሽዬ ሽማግሌ ናቸው፣ ትልልቅ ጆሮዎች አሏቸው። ፊት ለፊታቸው ቆሜ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ስል ቀና አሉ። በድምፄ ነው ያወቁኝ። እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ፤ ለተቀመጡትም የኤልያስ ጓደኛ ናት አሏቸው።

ብዙ ቆየን። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። ዓይናቸው ደርቋል፤ እትዬ ዘነበች ከእሑድ ወዲህ አላለቀሰም፣ እንባው ውስጡ ገብቷል ብለው ሲፈሩ ሰምቻለሁ። ኋላ አጠገባችን ያሉት ሲነሱ ጎንበስ አሉና በጆሮዬ «ያን ዕለት ሁለት ነው ያልሽኝ?» አሉ።

አዎ አልኳቸው።

«ሁለት ነበር?»

ልዋሽ እችል ነበር። ለምጄዋለሁ። «ሰባት ነበር ጋሼ» አልኩ። «አያምኑኝም ብዬ ነው።»

ፊታቸው አልተለወጠም። የማን ቁጥር ነው አሉኝ። ቁጥሩን ሙሉውን ነገርኳቸው። ጋሽ ታደለ የናዝሬትን ቁጥር ሁሉ በቃላቸው ነው የሚያውቁት።

«የዱቄት ወፍጮው» አሉ።

«አዎ። አንዲት ሴት እህል ይዛ ልትመጣ፣ ክፍት ነው ወይ ብላ ነው የጠየቀቻቸው።»

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። «እንግዲያ ገብቷል» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ። እንደዚያ የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም። ሙሉ ሰውነታቸው ነው የሚያለቅሰው፤ የያዙኝን እጅ ግን አልለቀቁም።

እትዬ ዘነበች ሮጠው መጡ። ምን አልሽው፣ ምን ነግረሽው ነው አሉኝ። እሳቸውም ወንድማቸውን አቅፈው ማልቀስ ጀመሩ፣ የድንኳኑ ለቅሶ እንደ አዲስ ተነሳ። ከድር ደጅ ቆሞ ነበር። ስንመለስ ምን ተፈጠረ አለኝ። ነገ እነግርሃለሁ አልኩት።

እንዲያለቅሱ አደረግኋቸው። ጥሩ ይሁን መጥፎ ይሁን አላውቅም፣ እማዬን ጠየቅኳት፣ እሷም አላወቀችም። ነገ የጠዋት ተረኛ ነኝ። ዓለም ጤናን ስፈትሽ ማን እንደሚያነሳ አልነገሩንም።